በጽዋው ፊት የወጣ ቃል

ሽታዬ ያልተቆጣችበትን አንድ ቀን ጥቀሱ ቢባሉ የደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሰዎች ይቸገራሉ። ሾፌር የሻይ ብርጭቆዋን መሬት ላይ ካስቀመጠባት ትቆጣለች። ተሳፋሪ "ፓስቲሽ ቀዝቅዟል" ካላት ትቆጣለች። ዝናብ ሳይታሰብ ሲወርድ እንኳ ሰማዩን ቀና ብላ "አንተ ደግሞ ማን ጠራህ?" ትለዋለች። ይህን ግን ቁጣ የሚለው የለም፤ የአፏ ልማድ ነው። ሾፌሮቹ እንዲያውም ሆን ብለው ይነካኳታል፤ ሳትሰድባቸው ከወጡ ጉዞው የማይቀናቸው ይመስላቸዋል። ከልቧ ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ያዩት ባለፈው ሰኔ ነው። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ቦታዋ ከዋናው በር በስተግራ ነው። ቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፋ፣ በአንድ የከሰል ምድጃ፣ በሁለት ፔርሙዝና በአንድ አግዳሚ ወንበር ሻይና ፓስቲ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። እዚህ ከተማ የገባችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከጉንደ ወይን ማዶ ካለ ቀበሌ፣ ለማታውቀው ሰው ሊድሯት ቀን ሲቆርጡ፣ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥታ ጠፋች። ከመኪናው እንደወረደች ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ቀረባትና "እህቴ፣ ሥራ ፈልገሽ ነው?" አላት። አዎ ልትል አፏን ስትከፍት፣ በሩ ሥር ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ መነኩሲት ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ "ኧረ ልቃቂቴ ተንከባለለች፤ ብል ሳይገባባት ደውሩልኝ" ሲሉ ተሰሙ።

ሽታዬ ምንም አልገባትም። ወዲያው ግን አንዲት ቆሎ ሻጭ ከየት መጣች ሳትባል ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

"አንቺ መከረኛ! እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀችሽ እዚህ ትገተሪያለሽ?"

እናቷ ጉንደ ወይን ማዶ ነበረች። ቆሎ ሻጯ ግን እየጎተተች ወሰደቻት፤ ባለ ጫማውም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

መነኩሲቷ ኋላ ሽታዬን ያሳደጓት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቆሎ ሻጯ ብዙዬ ናት፤ ዛሬም አለች፣ ዛሬም ክንድ ስትይዝ ታሳምማለች። ያንን የጥጥ ወሬ ያመጡት እማሆይ ነበሩ። በመናኸሪያው ውስጥ የሚውሉት ሴቶች ሁሉ ከእሳቸው ተማሩት። ልቃቂት የሚሏት ብቻዋን ወርዳ የምትሄድበት የጠፋትን ልጅ ነው። ብል ሥራ አስገባሻለሁ እያለ ወስዶ የት እንደሚጥላት የማይታወቀው ደላላ ነው። "ደውሪ" ከተባለች አንዷ ሴት ሄዳ እንደ ዘመድ ትይዛታለች። የልጅቷ እውነተኛ ዘመድ ከመጣ ደግሞ "ጥለቱ አለቀ" ይባላል፤ በቃ ልቀቋት ማለት ነው። ደላላው አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል፤ ሴቶች ስለ ጥጥ እያወሩ ነው ብሎ ያልፋል። ባሁኑ ዘመን ዋነኛው ብል ምናለ የሚባል ሰው ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ሻዩን የሚጠጣውም ሽታዬ ዘንድ ነው። እየተጠላ መጠጣቱን ያውቃል፤ ግድ የለውም። ለምን ብዙ ጊዜ እጁ ባዶ እንደሚቀር ግን ለዓመታት አላወቀም ነበር።

ሽታዬ ከዚህ ሌላ የታወቀችበት ነገር ነበር፤ የአራዳ ቋንቋ። አዲስ አበባ ላይ ሰኞ የተወለደ ቃል ረቡዕ ሽታዬ ጋ ሻይ ይጠጣል ይባላል። ሾፌሩ ያመጣዋል፣ ረዳቱ ይጮህበታል፣ እሷ ደግሞ ከገጠር ለመጣ ተሳፋሪ ትተረጉመዋለች። ደብተር የላት፣ የጻፈችው የላት፤ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ቃሉን የምታስቀምጠው ሰው ላይ ነው።

አምና በጥቅምት ሀይለመለኮት መጣ። አዳማ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ እዚህ ኮሌጅ የተመደበ የቋንቋ መምህር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰዎች በየቀኑ የሚናገሯቸውን የአራዳ ቃላት ከነፍቺያቸው እየሰበሰበ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ፣ ማስታወሻውን ከፈተ።

"እትዬ ሽታዬ፣ ፋራ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ፋራ ማለት አንተ ነህ" አለችው። "የመጣህ ዕለት አየሁህ እኮ፤ ቦርሳህን እንደ ሕፃን ታቅፈህ በሩ ላይ የቆምከው።"

ሳቀ፤ ጻፈም። ይህ ደስ አሰኛት።

"ነቄስ?"

"ነቄ ማለት እትዬ ብዙዬ ናት። እሷን ያታለለ ገና አልተወለደም።"

"ላሽ?"

"ላሽ ማለት የመጀመሪያ ባሌ ነው። 'ባሕር ዳር ደርሼ ልምጣ' ብሎ ወጣ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።"

"ፎንቃ?"

"ሳይሄድ በፊት የነበረው።"

"ቺስታ?"

"ከሄደ በኋላ የነበረው።"

ብዙዬ ከማዶ ቆሎዋን እየሰፈረች "ሼባ ማለት ምንድን ነው በላት እስቲ!" ብላ ጮኸች። ሽታዬም "ሼባን የጻፍክ እንደሆነ ይሄን ሻይ ላይህ ላይ ነው የምደፋው" አለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሽታዬን በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ያዳመጣት ሰው አልነበረም። ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ መኪናው ሲሞላ ይሄዳል። ይህ ግን የተናገረችውን ይጽፍ ነበር። አንዳንዴ ቃል ሳታስበው እያመለጣት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት አስባበት ስታድር፣ ጠዋት ገና ከመቀመጡ ትጀምርለት ነበር። መሲ፣ ትኬት ቆራጯ፣ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ "እትዬ ሽታዬ ደግሞ አስተማሪ ሆነች" እያለች ታሾፍባት ነበር።

ሰውየው ጆሮ ነበረውና የጥጡንም ወሬ ሰማ። በየቀኑ ስለ ልቃቂትና ስለ ብል የሚያወሩ፣ ግን እንዝርት ያልያዙ ሴቶች ግራ ገቡት።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"የሴቶች ወሬ ነው፤ ተወው።"

ደግሞ ጠየቀ፤ ደግማ ተወው አለችው። ሦስተኛ ሲጠይቃት ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እስከዚያ ድረስ ሽታዬ ጥፋት የለባትም።

የካቲት አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የሽታዬ ነበር። የመናኸሪያው ሴቶች ሁሉ ማኅበርተኞች ናቸው። ጾም ስለነበር ሽሮውንና ስናፍጩን፣ ጠላውንም ሠርታ፣ ቤቷን አስጌጣ ተቀበለቻቸው። ሀይለመለኮትንም በእንግድነት ጠራችው። ጽዋው ዞረ፤ እሱም ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ሴቶቹም "የኔ ልጅ፣ ወግ ያውቃል" ተባባሉ።

በዚህ አገር ጽዋው ባለበት ቤት፣ በባለ ጽዋዋ ስም የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም። ብዙዬ ከእህቷ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፋ በዚሁ ነው የታረቀችው። "ስለ ኪዳነ ምሕረት" ከተባለ ቂም ያለው ቂሙን፣ ዕቃ ያለው ዕቃውን ይሰጣል። ሰዉም ስለሚያውቀው እንዲያው በከንቱ አይጠይቅበትም። ሀይለመለኮት ሴቶቹ እንዲህ ሲጠያየቁ ሲሰማ ዋለ። ወደ ማብቂያው ላይ፣ ማኅበርተኞቹ ለጸሎት ሲነሡ፣ ወደ ሽታዬ ጠጋ ብሎ በፈገግታ፣

"እትዬ ሽታዬ፣ ያንን የጥጡን ነገር ስለ ኪዳነ ምሕረት ይንገሩኝ" አላት።

ሽታዬ ክው አለች። ጽዋው ከፊቷ ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ አፏ ግን እምቢ ማለት አልቻለም። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አራቱንም ቃላት ከነፍቺያቸው ነገረችው። የእማሆይንም ነገር ነገረችው። ሲያዳምጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና፣ በመጨረሻ ላይ እንዲያውም ደስ ብሏት ጨመረችለት። ለብዙዬ ግን አልነገረቻትም። "ለራሱ ነው፣ ለማወቅ ነው" ብላ ራሷን አሳመነች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰኔ አራት ነው።

መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር መኪናው ሁሉ ታጭቆ ይመጣል። ከይጁቤ የመጣው ሲራገፍ፣ አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፌስታል ይዛ ወርዳ ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። ብዙዬ ከማዶ "ልቃቂቴ!" አለች። ሽታዬ ራሷ ተነሥታ ደወረቻት። ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻት፣ ሻይ ቀዳችላት።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ታየች።"

"ወዴት ነሽ የኔ ልጅ?"

"አክስቴ ጋ። ትቀበለኛለች ብለውኝ ነበር፣ ስልኳ አይነሣም።"

"ይነሣል። ፓስቲ ብዪ።"

ከወንበሩ ሌላ ጫፍ ሻይ ይጠጣ የነበረው ምናለ ሂሳቡን ትቶ ተነሣ። ልጅቷ ግማሹን ፓስቲ እንደበላች፣ ከትኬት መስኮቱ በኩል፣ በሰውና በጥሩምባ ጩኸት መካከል የሴት ድምፅ መጣ፤ "እትዬ ሽታዬ! ጥለቱ አለቀ!" ሽታዬ መሲ መሰለቻት። ዘወር ስትል ነጠላ የለበሰች ጎልማሳ ሴት እየሳቀች ወደ ልጅቷ ስትመጣ አየች። "ታየችዬ! አክስትሽ አመማትና እኔን ላከችኝ!" ልጅቷ ሽታዬን አየቻት። ሽታዬም በገዛ እጇ ትከሻዋን ገፋ አድርጋ፣

"ሂጂ የኔ ልጅ፣ ዘመድሽ ናት" አለቻት።

ግማሹ ፓስቲ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መሲ ሻይ ልትጠጣ መጣች። "ያቺን ልጅ የት አደረስሻት?"

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ጥለቱ አለቀ ያልሽው?"

"እኔ? እኔ እኮ ሽንት ቤት ነበርኩ!"

ይህን ጊዜ ነው ባጃጅ ነጂው አንሙት ስልኩን እያየ እየሳቀ የመጣው። "እትዬ ሽታዬ፣ እናንተ ግን ለካ ነቄ ናችሁ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሙድ ስትይዙብን!" ብሎ የተለጠፈ ጽሑፍ አነበበላት። "በአንድ የጎጃም ከተማ መናኸሪያ የሚሠሩ ሴቶች ምስጢራዊ ቃላት" ይላል። ልቃቂት፣ ብል፣ ደውሪ፣ ጥለቱ አለቀ። ፍቺያቸው ሁሉ አለ። "ብል ልብስ ሲበላ ድምፅ አያሰማም" ይላል አንዱ ጋ። ይህ የሽታዬ የራሷ አባባል ነው፤ በጽዋው ፊት ያለችው።

"መቼ ነው የወጣው?" አለች።

"ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ፤ ሬዲዮ ላይም ቀልደውበታል።"

ዝም አለች። ያ ነው እንግዲህ ቁጣዋ። ማንቆርቆሪያው እየፈላ ትታው ተነሣች። ከመሲ ጋር ፖሊስ ጋ ሄደው አስመዘገቡ። ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር፤ ወዲያው ደጀን ኬላ ደወለ፤ አውቶቡሶቹን ፈትሹ አለ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። በአውቶቡስ የሄደች ልጅ የለችም ተባለ፤ በግል መኪና ሳትሄድ አልቀረችም። ሽታዬ ከዚያ ወጥታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ በእግሯ ወደ ኮሌጁ ወጣች።

ሀይለመለኮት የመምህራን ክፍል ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፤ ፊቱ ሁሉ በራ።

"እትዬ ሽታዬ! እንኳን ደህና መጡ! እኔ እኮ ነገ ይዤልዎት ልመጣ ነበር፤ ታትሞ ወጣ!" ብሎ ቀጭን መጽሐፍ ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም።

"ልጅቷ የት አለች?"

"የቷ ልጅ?"

"አንተ የሰጠሃት ልጅ!"

እንደቆመች ነገረችው። መጽሐፉን የያዘው እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ሌሎቹ መምህራን ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"እትዬ ሽታዬ፣ እኔ እኮ ስምዎን አልጠቀስኩም። የማንንም ስም አልጻፍኩም። ከተማውንም ስሙን አላነሣሁም። እኛ በጥናት ላይ የሰው ማንነት..."

"ስሜን!" አለች። ክፍሉ ጮኸ። "ስሜን ማን ምን ያደርገዋል? ሾፌር ሁሉ ሲጮህበት የሚውል ስም ነው! የቤቴን በር ነቅለህ ለሌባ ሰጥተህ፣ 'የባለቤቷን ስም ግን አልተናገርኩም' ትለኛለህ?"

"እንዲህ ያለ ጥበብ እንዳይጠፋ ብዬ ነው..."

"እማሆይ ሳይጽፉት አልጠፋም! እኔ ሳልጽፈው አልጠፋም! አንተ ስትጽፈው ጠፋ!"

"እንዳልጽፈው ቢነግሩኝ ኖሮ..."

"ነግሬሃለሁ! 'ተወው' ስልህ፣ ጀርባዬን ስሰጥህ፣ ምን የነገርኩህ መሰለህ? አንተ ግን ጽዋው ፊት ጠብቀህ ያዝከኝ።"

"ሴቶቹ እንዲያ ሲሉ ሰምቼ ነው። የአገሩ አነጋገር መስሎኝ..."

"አነጋገር!" ሳቀች፤ ሳቋ ከስድብ ይከፋ ነበር። "ለአንተ ሁሉም ነገር አነጋገር ነው። ሰምተህ ትጽፋለህ፣ ጽፈህ ትሄዳለህ። እኛ ደግሞ በተናገርነው እንታሰራለን። አሁን ተነሣ። ፖሊስ ፊት ሄደህ ያደረግከውን በአፍህ ትናገራለህ።"

ተነሣ። መንገድ ላይ ስልኩን አውጥቶ የለጠፈውን አጠፋ፤ ግን ሌሎች ወስደው ለጥፈውት ነበርና ማጥፋቱ ለራሱ ካልሆነ ለማንም አልጠቀመም። ፖሊስ ፊት ሁሉንም ተናገረ፤ አንዳች አልደበቀም። ለዚህ እንኳ ሽታዬ አላመሰገነችውም።

በሦስተኛው ቀን የታየች እናት ከይጁቤ መጣች። አክስቲቱ ለካ እውነትም ታማ ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል። እናቲቱ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። የሽታዬ ወንበር ላይ፣ ልጇ የተቀመጠችበት ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ ዋለች። ሽታዬ "እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ስደቢኝ" ብትላት፣ ቀና ብላ አይታ፣ "ሻይ ሰጥተሻት ነበር አሉ" አለቻት። ሽታዬ ያን ጊዜ ቢመቷት ትመርጥ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የእናቲቱ ስልክ ጮኸ። ታየች ናት። "እማዬ፣ ደህና ነኝ። አዲስ አበባ ሰው ቤት ሥራ ገብቻለሁ። አትፈልጊኝ።" ሰው አጠገቧ ቆሞ የምትለውን እየነገራት እንደምትናገር ያስታውቅ ነበር። የት እንደሆነች ስትጠየቅ ስልኩ ተዘጋ። ፖሊስ ቁጥሩን ወሰደ፤ አዲስ አበባ ላሉት አስተላልፈናል አለ፤ እየተከታተለ ነው። ምናለ ተጠርቶ ተጠየቀና ወጣ። ሲወስዳት ያየው የለም፤ ነጠላ የለበሰችውን ሴትም የሚያውቃት አልተገኘም። በማግሥቱ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

"ሽታዬ፣ ስኳር በዛ አድርጊበት" አላት።

ሰኔ አሥራ ስድስት ማኅበሩ ብዙዬ ቤት ነበር። ጽዋው ሳይዞር ሀይለመለኮት ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ደጅ ላይ ተንበረከከ። ማን እንደመከረው አይታወቅም። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ድንጋዩንም የሚያወርድለት የተበደለው ነው። ሴቶቹ ዝም ብለው አዩት።

"ድንጋዩን አውርዱለት" አለች ብዙዬ። "መጀመሪያ ግን ስልኩን ተቀበሉት። ይሄንንም ሊጽፈው ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ቢሆን በእንባው መሃል ሊስቅ ቃጣው። ሽታዬ አልሳቀችም። ድንጋዩን ያወረደችው መሲ ናት። እያንዳንዳቸው "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉት። ተራዋ ሲደርስ ሽታዬም አለች፤ ከከንፈሯ አላለፈም።

እሱ ከሄደ በኋላ ብዙዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣

"በሉ እንግዲህ፣ የድሮው ቃል ሞቷል፤ ሌላ ያስፈልገናል" አለች። ከዚያም ዘወር ብላ፣ "አንቺ ግን ደጅ ውጪ" አለቻት ሽታዬን።

ሽታዬ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "እኔን ነው?"

"አንቺን።"

"እማሆይ ያሳደጉኝን እኔን? ቃሉን ከእሳቸው አፍ የተቀበልኩትን?"

"ክንድሽን ይዤ የጎተትኩሽ እኔ ነኝ" አለች ብዙዬ። ድምፅዋ አልከረረም፤ እሱ ነው የባሰው። "ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን የሚያዳምጥሽ ያገኘሽ እንደሆነ አንጀትሽን አውጥተሽ ትሰጫለሽ። ብታውቂ፣ ነገ ደግሞ አንዱ በማርያም ይልሻል፤ አንዱ በሚካኤል ይልሻል። አታውቂም፣ አትነግሪም። በቃ።"

"እትዬ ብዙዬ፣ እኔ ከእንግዲህ..."

"አውቃለሁ። ውጪ።"

መሲን አየቻት፤ መሲ ጉልበቷን ታያለች። አንዷም ተይ አላለችም። ሽታዬ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘግታው ወጣች። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ጣራው ሥር ቆመች። ከውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም። አንዷ አንድ ነገር አለች፤ ሌላዋ "ኧረ እሱማ ያስታውቃል!" ብላ ሳቀች። ሽታዬ ደሟ ፈላ። "ከእኔ የተሻለ ቃል የምታውቅ ማን አለች እዚያ ውስጥ? ብዙዬ? ብዙዬ ከቆሎ ሌላ ምን ታውቃለች?" እያለች ለብቻዋ አጉረመረመች። በሩን በርግጄ ልግባ አለች። ከዚያ የታየች እናት በሩን ስታይ የዋለችበት አስተያየት መጣባት። አልገባችም። ቤቷ እስክትደርስ ዝናቡ አበሰበሳት፤ ማንንም ግን አልተሳደበችም።

ሐምሌ ገባ። መናኸሪያው ጭቃ ሆነ። ሽታዬ ሸራዋን ወጥራ፣ ከሰሏን እያራገበች ትውላለች። ከብዙዬ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ "እንዴት አደርሽ" "እግዚአብሔር ይመስገን" ይባባላሉ፤ ከዚያ አያልፍም። የኮሌጁ መምህር አንድ ሁለቴ በሩ ጋ ደርሶ ተመልሷል። የታየች እናት በሳምንት አንዴ ትደውላለች፤ "ወሬ አለ?" ትላለች፤ "የለም" ትላታለች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከገጠር የመጣ መኪና ተራገፈ። ፕላስቲክ ጫማ ያደረገች፣ ራሷን በፎጣ የሸፈነች ልጅ ወርዳ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ምናለ የሽታዬ ወንበር ላይ ሻይ ይዞ ነበር፤ አየ፣ ብርጭቆውን ግን አላስቀመጠም። ሽታዬም አየች። እግሯ ሊሮጥ ተነሣ። ግን ብትሮጥ የሌሎቹን ሥራ ታበላሽ እንደሆነ አታውቅም፤ ምን እንደታሰበ፣ ማን እንደሚሄድ አታውቅም። ቆመች።

ብዙዬ ከጃንጥላዋ ሥር አንድ ነገር አለች። ከማንም ጋር አልነበረም ወሬዋ፤ ሰው ለራሱ እንደሚያጉረመርም ነው ያለችው። ከመስኮቱ በኩል መሲ አንድ ቃል መለሰች። ትንሽ ቆይቶ መሲ ሳይሆን ሽታዬ ያልጠበቀቻት ሌላ ሴት፣ ከአዲሶቹ ማኅበርተኞች አንዷ፣ በጭቃው እየተንሸራተተች መጥታ ልጅቷን አቀፈቻት፣ ፌስታሏን ተቀበለቻት፣ እየተቆጣች ይዛት በበሩ ወጣች። የዓይን ጥቅሻ ያህል አልፈጀም።

ምናለ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"ሽታዬ" አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "ብዙዬ ምን አለች?"

"አላውቅም።"

"አንቺ የማታውቂው ቃል አለ እንዴ እዚህ ግቢ?"

"አላውቅም አልኩህ!"

"ኧረ ተይ። የቃል እናት አይደለሽ?"

ሐሰት ብትናገር ኖሮ ቁጣዋ በቀለላት። እውነት መሆኑ ነው ያቃጠላት፤ ብዙዬ እውነቷን መሆኑ ነው ያቃጠላት። ከእጁ ላይ ብርጭቆውን ነጠቀችው፤ የቀረውን ሻይ ጭቃው ላይ ደፋችው።

"ተነሣ ከወንበሬ! ተነሣ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሻይ የለህም!"

አንሙት ከባጃጁ ውስጥ አንገቱን አወጣ። ሾፌሮቹ ዘወር አሉ። ምናለ ሱሪውን አራግፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ተነሣና በዝናቡ ውስጥ ሄደ። ሽታዬ ጨርቋን ከባልዲው አወጣች። ከማዶ ብዙዬ ሌላ ነገር ተናገረች፤ የሽታዬ ጆሮ ሳታዘው ወደዚያ ዘንበል አለ። ጆሮዋን ግን መለሰችው። ጨርቁን ጨምቃ፣ ሰውየው የተቀመጠበትን ቦታ እየደጋገመች ታሸው ጀመር።